መልስ፦ ሪፈረንስ አንግል የሚለካው ከየትኛው መስመር ነው?

የኔጌቲቭ 510 ዲግሪን ሳይን ሲፈልጉ 210 ዲግሪ ላይ ከደረሱ በኋላ፣ ሪፈረንስ አንግሉ 60 ነው ወይስ 30 ብለው ጠይቀዋል። እስከ 210 ያለው ሥራዎ ትክክል ነው፤ 360ን ሁለት ጊዜ መደመር ሁለት ሙሉ ዙር መዞር ብቻ ስለሆነ የአንግሉ የመጨረሻ ጎን፣ ማለትም ዙሩ የሚያበቃበት መስመር፣ በቦታው ይቆያል፣ ሳይኑም ኮሳይኑም ታንጀንቱም ከነምልክታቸው አይለወጡም። ኮተርሚናል የሚባሉትም እንዲህ ያሉ አንግሎች ናቸው።

ሪፈረንስ አንግል ግን የተለየ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ጎን ከአግዳሚው መስመር፣ ማለትም ከኤክስ አክሲስ ጋር የሚፈጥረው ሹል (ከ90 ዲግሪ ያነሰ) አንግል ሲሆን፣ የሚነግረን መጠኑን እንጂ ምልክቱን አይደለም። እርስዎ ከ270 ላይ 210 ቀንሰው 60 ያገኙት ከቋሚው መስመር ስለለኩ ነው። ይህ ስሕተት ብዙ ተማሪዎችን ያሳስታል፤ ሳይኑና ኮሳይኑ ቦታ ይለዋወጣሉና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከ210 ላይ 180 ሲቀነስ 30 ይቀራል፤ የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ ነው፤ 210 የሚገኘው የዋይ ዋጋ ከዜሮ በታች በሆነበት በሦስተኛው ኳድራንት (ኤክስና ዋይ አክሲሶች ከሚፈጥሯቸው አራት ክፍሎች በሦስተኛው) ስለሆነ፣ መልሱ ኔጌቲቭ ግማሽ ይሆናል። የተጠየቀው ታንጀንት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ኳድራንት ኤክስም ዋይም ኔጌቲቭ ስለሆኑ፣ መልሱ ፖዘቲቭ በሆነ ነበር።