የፍቺና የጠበቃ ጥያቄዎች፤ ጋሼ ይመልሳሉ

አስቀድሜ ልንገራችሁ። የምመልሰው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ይህ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሕግ ነው፤ ክልል ያላችሁ የክልላችሁን ሕግ ተመልከቱ። ደግሞ ያላነበባችሁትን ውክልና አትፈርሙ።

የመገናኛዋ፦ ጋሼ፣ ያለ ጠበቃ መፋታት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከተስማማችሁ የፍቺውን፣ የንብረቱንና የልጆቹን ነገር በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፤ ምክንያት ለመናገር አትገደዱም። በተጋባችሁ ስድስት ወር ሳይሞላ ግን በስምምነት መፋታት የለም። በንብረት ካልተስማማችሁ ጠበቃ ያዢ።

ታዛቢ፦ ጠበቃ ስንት ያስከፍላል?

መልስ፦ እንደ ጉዳዩ። በጽሑፍ ተዋዋል፤ ክፍያው ይግባኝን ይጨምር እንደሆነ በውሉ ላይ ይስፈር።

የሰሚቱ፦ ቤቱ በእኔ ስም ነው፣ ካርታውም የእኔ ነው። እሷ ምን ድርሻ አላት?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በካርታው ላይ ስምህ መኖሩ ብቻውን አያድንህም። አንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የማስረዳት ሸክሙ ያንተ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረህ፣ በውርስ ወይም በስጦታ ለብቻህ ያገኘኸው የግልህ ነው። ኪራዩስ? አባትህ ያወረሱህን ቤት አከራይተህ በትዳር ዘመን የምትሰበስበው ኪራይ የጋራ ነው፤ አንቀጽ 62ን አንብብ። ብዙ ወንድ እዚህ ላይ ይቆጣል፤ ቁጣው ሕጉን አይለውጠውም። የወረስከውን ሸጠህ ሌላ ከገዛህ ደግሞ አዲሱ የግልህ የሚሆነው ጠይቀህ ፍርድ ቤቱ ሲወስንልህ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍያ ያለባችሁ፣ የባንክ ደረሰኙን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ሰብስቡ፤ ማን ከየትኛው ገንዘብ ከፈለ የሚለው ክርክር ያለ ደረሰኝ አይገፋም።

ለሚስቶችም፦ የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም። ተሸጦ ከደረሳችሁ፣ ባወቃችሁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ በሉ። ሳይሸጥ በፊት ግን ከፍቺ ክሱ ጋር የእግድ፣ ማለት ቤቱ እንዳይሸጥ ይታገድልኝ የሚል፣ አቤቱታ አስገቡ።

የደብረ ማርቆሱ፦ ይህ ሁሉ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር አደባባይ ማውጣት ነውር ነው።

የልደታዋ፦ የእኔ ሽማግሌዎች ሦስቱም የእሱ አጎቶች ነበሩ። «ቻይው» ብለውኝ ቡናዬን ጠጥተው ሄዱ።

የደብረ ማርቆሱ፦ በአንቺ ሽማግሌዎች ሁሉ አይኮነንም። ደግሞስ በቁርባን የተጋባን ሰው ዳኛ ያፋታዋል?

መልስ፦ የቁርባኑን ነገር የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይወስኑ ነበር፤ አሁን ሥልጣኑ የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ ሽማግሌ ምረጡ ሊላችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ የእሱን አጎቶች ብቻ አትቀበሉ። በዚህ ይብቃን።

ሩቅ አገር፦ ሪያድ ነኝ። ለወንድሜ ሙሉ ውክልና ልላክለት?

መልስ፦ አትላኪ! ጠበቃ ማቆም፣ መክሰስና መከራከር ብቻ ይጻፍ። ቤት ለመሸጥና ለመታረቅ ተለይቶ የተሰጠ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ካልፈለግሽ አታስጽፊው። ኤምባሲ ከመፈረምሽ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቢ።

ቅን ልብ፦ ባሌ ያስቸግረኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ላይ ምን ልበልሽ? ይመታሻል? ወጪ ይከለክልሻል? የሚመታሽ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ፣ የሐኪም ማስረጃ ያዢ። ወጪ ከከለከለሽ፣ የፍቺው ክስ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ቀለብ፣ ስለ መኖሪያና ስለ ልጆች ጊዜያዊ ትእዛዝ ይጠየቃል። ለይተሽ ጻፊልኝ።

እናት፦ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእናት ነው አይደል?

መልስ፦ ያ የድሮው ሕግ ነው። አሁን የወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉም በላይ የልጁ ጥቅም ይታያል።

ጠያቂ፦ እውነተኛ ጠበቃ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳይህ ጠይቅ። በፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚልህን ትተኸው ሂድ። ውክልናውንም አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ቤቱ በሚስቴ ስም ነው። እኔ ድርሻ አለኝ?

መልስ፦ ለሰሚቱ የመለስኩትን «አንተ» ያልኩበትን «ሚስቴ» እያልክ አንብበው።