ሰርቨሩ ተነሥቷል፤ ለማን ተነገረ?

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስድስት ዓመት በዳታቤዝ ባለሙያነት ሠርተሻል። አሁን አንድ የሕዝብ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ቡድኖችን ለሚቆጣጠር የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። ሦስት ቡድን፣ በድምሩ አሥራ አራት ሰው። የጻፍሽው እንዲህ ነው፦ «ሰው መርቼ አላውቅም። ከቡድኑ ግማሹ በዕድሜም በአገልግሎት ዘመንም ይበልጠኛል። ኮድ መጻፍ ካቆምኩ ሙያዬ ከእጄ ያመልጣል ብዬ እፈራለሁ። የምስክር ወረቀትም የለኝም። ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ?»

ተወዳደሪ። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ያህል አይደለም። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እኔም እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ቡድን መርቻለሁ፤ ከዳታቤዝ ወንበር ተነሥተው የተዋጣላቸው ኃላፊዎች የሆኑ ሰዎችንም በዓይኔ አይቻለሁ። ይልቅ ያሳሰበኝ በደብዳቤሽ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ስለ ቡድኑ ጽፈሻል፤ ስለ ራስሽም ጽፈሻል። ቡድኑ በሚሠራው ሥርዓት ተደግፎ ውሃ ስለሚያሠራጨው ኦፕሬተር፣ ቆጣሪ ስለሚያነበው፣ ከተቆጣ ደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ስለሚቀመጠው ሠራተኛ ግን አንድም ቃል የለም። የዚህ ሥራ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ኤሌክትሪክ የተቋረጠበትን ቀን ሰምተሽ ይሆናል። የሁለቱ አገሮች የጋራ መርማሪ ቡድን ያወጣውን ዘገባ ለቡድን መሪዎች ሁሉ እንዲያነቡት እሰጣለሁ። በኦሃዮ ግዛት በሚሠራው በፈርስትኢነርጂ ኩባንያ የቁጥጥር ክፍል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ፣ በሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ሥራ አቆመ። ማስጠንቀቂያ ሲበላሽ ደግሞ ዝም ነው የሚለው፤ ዝምታው ለኦፕሬተሩ ሰላም ይመስለዋል። 8፡41 ላይ ዋናው ሰርቨር ወደቀ፤ 8፡54 ላይ መጠባበቂያውም ተከተለው። የሰርቨሩ መውደቅ ለኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ደረሳቸው፤ ወዲያው ሥራ ጀመሩ፤ 9፡08 ላይ ሰርቨሩን መልሰው አስነሡት። በእነሱ በኩል ሥራው አለቀ። የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም ግን አሁንም አይሠራም ነበር። ወደ ቁጥጥር ክፍሉ ደውሎ «አሁን ማስጠንቀቂያ እየደረሳችሁ ነው?» ብሎ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። በእነዚያው ደቂቃዎች ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ አንድ በአንድ ከአገልግሎት ይወጡ ነበር። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነገሩ ከእጅ ወጣ።

ልብ በይ፤ ሰርቨሩን ያስነሡት ሰዎች ሙያቸውን ያውቃሉ። የጎደለው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። መርማሪዎቹም ከወቀሷቸው ነገሮች አንዱ፣ ኦፕሬተሮቹ መሣሪያዎቻቸው መሥራት አለመሥራታቸውን እንዲያውቁ የሚያደርግ አሠራር አለመኖሩ ነው። አንቺ የምትወዳደሪበት የሥራ መደብ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ምንም ይጻፍበት፣ ይዘቱ ያ ጥሪ ነው። ማን እንደሚደውል፣ ለማን እንደሚደውል፣ «ሠርቷል» የሚለውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያንቺ ድርሻ ይሆናል። እኔ የማንኛውም ለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር አስጨምሬ ነበር፤ አንዱ «ይህ ሥርዓት ሲቆም የማን ሥራ ይቆማል?» ሁለተኛው «መመለሱን ያረጋገጠው ተጠቃሚ ማን ነው?» የሚል። ሁለተኛው መስመር ላይ የባለሙያ ስም ከተጻፈ አልፈርምም ነበር። ያኔ ብዙ ጉርምርምታ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም ቢሆን አልፈርምም።

ይህን ልማድ ያመጣሁት በራሴ ጥፋት ተምሬ ስለሆነ ልንገርሽ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ አሮጌውን የክፍያ ሥርዓት በአዲስ ይተካ ነበር፤ ፕሮጀክቱን የምመራው እኔ ነኝ። ለወራት ፈተሽን፤ የፍተሻ ሠንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ሥራ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ የቅርብ አለቃዬ «ቆጣሪ አንባቢዎቹ አይተውታል?» ብለው ጠየቁኝ። አላዩትም። ለይምሰል ያህል አንድ ሰው ይምጣ አልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ አባት መጡና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። በአንዲት ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ ያለፈው ወር ንባብ 99,970፣ የዚህ ወር 12 ብለው አስገቡ።

ባለ አምስት አኃዝ ቆጣሪ 99,999 ሲሞላ ተመልሶ ከዜሮ እንደሚጀምር እሳቸው ያውቃሉ። ትክክለኛው ፍጆታ 42 ሜትር ኪዩብ ነው። የእኛ ሥርዓት ግን ልዩነቱን ቀንሶ፣ የመቀነስ ምልክቱን ጥሎ፣ ለአንድ መኖሪያ ቤት 99,958 ሜትር ኪዩብ አስከፈለ። እሳቸው ማያ ገጹን ትንሽ አዩትና፣ «ይህ ቤት አራት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ቤት ነው፤ ይህን ወረቀት ይዤ በሯን እንዴት ነው የማንኳኳው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፕሮግራመሩ የተሰጠውን መስፈርት ጠብቆ ነው የሠራው፤ መስፈርቱ ሲጻፍ እኚህን ሰው ያልጠራሁት እኔ ነኝ። የሚጀመርበትን ቀን አራዘምን፤ ከላይ ቁጣ ወረደብኝ፤ ተቀበልኩት።

ቀኑን ባናራዝም ምን ይመጣ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የሎስ አንጀለስ የውሃና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 አዲስ የክፍያ ሥርዓት ሥራ ሲያስጀምር እጅግ ብዙ ደንበኞች የተሳሳተ ሒሳብ ደርሷቸው ነገሩ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። በግል ኩባንያ ቢሆን ደንበኛው ተቆጥቶ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። ውሃና መብራት የሚያቀርበው ግን አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ደንበኛው መሄጃ የለውም፤ ስሕተትሽን ተሸክሞ ይኖራል። ስለዚህ ቀን ማራዘምን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው። የማራዘሙን ውሳኔ ግን በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብለሽ፣ ማስረጃ ይዘሽ፣ በጽሑፍ አቅርቢ። «ዘጠና በመቶ አልቋል» የሚል ሪፖርት ሲመጣልሽ ደግሞ የቀረው አሥር በመቶ ምን ምን እንደሆነ በስሙ አስጠሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌው ሥርዓት መረጃ ማዛወር፣ ተጠቃሚ ማሠልጠንና ምትኬው (የተቀመጠው የመረጃ ቅጂ) ሲፈለግ ተመልሶ እንደሚነሣ መሞከር ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ማለትም ከባዱ ሥራ ገና ነው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። በዕድሜ የሚበልጡሽ ሰዎች የሚፈትኑሽ በእውቀትሽ አይመስለኝም፤ ቃልሽን በመጠበቅሽ ነው። በመጀመሪያው ወር ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ተቀመጪ። ቢሮሽ አትጥሪያቸው፤ እነሱ ጋር ሂጂ። ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስቸግራቸው፣ እነሱ ባይኖሩ ምን እንደሚቆም ጠይቂና ጻፊው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ታገኚያለሽ፤ አሮጌውን ሥርዓት ብቻውን የሚያውቅ፣ ጡረታው የተቃረበ፣ ምናልባትም ቅሬታ ያለው። እሱን «እውቀትህን ጽፈህ አስረክብ» ማለት ማባረር ነው የሚመስለው። አንድ ወጣት ባለሙያ አጠገቡ አስቀምጪ፤ አዲሱ ሥርዓት የአሮጌውን ስሌት መያዙን የሚያጸድቀው እሱ እንደሆነም በቃለ ጉባኤ አስመዝግቢ። ሥልጣን የተሰጠው ሰው እውቀቱን አይደብቅም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደመወዝ መጨመር አትችይም። በሕዝብ መሥሪያ ቤት ደረጃውም እርከኑም በመመሪያ የተቆረጠ ነው። በእጅሽ ያለው ሌላ ነው፦ የሌሊት ተረኝነትን በትክክል ማዳረስ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረን ሰው በማግሥቱ ማሳረፍ፣ ለበላይ በሚቀርብ ሪፖርት ላይ ሥራውን የሠራውን ሰው በስሙ መጥራት። ተረኝነቱን ካበላሸሽው ሌላው ሁሉ አያድንሽም፤ ሰዎች ቡድን ጥለው ሲሄዱ ያየሁት ከሥራ ብዛት ይልቅ በአድልዎ ነው።

ስለ ሦስቱ ቡድኖች አንድ ስሌት ልስጥሽ፤ ዳታቤዝ ሠራተኛ ስለሆንሽ ትወጂዋለሽ። አሥራ አራት ሰው ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢነጋገር 91 የመነጋገሪያ መስመር ይፈጠራል። አምስት፣ አምስትና አራት ሆነው ሲከፈሉ በየቡድኑ ውስጥ ያለው ተደምሮ 26 ብቻ ነው። ቡድን የሚከፈለው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የጠፉት 65 መስመሮች ይሸከሙት የነበረው ወሬ አልጠፋም፤ ለምሳሌ የክፍያ ሥርዓቱን የሚሠራው ቡድን የደንበኛ ቁጥር አጻጻፍ ሲቀይር የካርታ ሥርዓቱን የሚሠራው ቡድን መስማት አለበት። ያንን የምታሻግሪው አንቺ ነሽ። ፕሮጀክት ሲዘገይ «ሰው ይጨመር» የሚል ግፊት ሲመጣብሽም ይህን አስታውሺ፤ አዲስ ሰው እስኪለምድ ድረስ ጊዜ የሚወስደው ሥራውን ከሚያውቁት ሰዎች ላይ ነው።

ተቋራጮችን በተመለከተ አጭር ልሁን። ጨረታው በሕግ የሚመራ ስለሆነ ለማፋጠን አቋራጭ አትፈልጊ፤ ይልቅ የጊዜ ሰሌዳሽን ስታወጪ ከግዥ ክፍሉና ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ውሉ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ሥርዓቱ ከመተከሉ ጋር ሳይሆን የራስሽ ሰዎች ያለ ተቋራጩ እርዳታ አንድ ሙሉ የክፍያ ዙር አስኬደው ከማሳየታቸው ጋር እንዲያያዝ ተከራከሪ። ክፍያው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ተቋራጭ ብዙ አላጋጠመኝም።

የቢሮውን ኔትወርክ፣ ፓምፕና ቫልቭ ከርቀት ከሚታዘዝበት ስካዳ ከሚባለው የቁጥጥር ኔትወርክ መለየት ያንቺ ቡድን ብቻውን የሚወስነው አይሆንም፤ ግን ዓይንሽ ከእሱ አይነሣ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን ሦስት የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች ሲጠቁ 225,000 ገደማ ደንበኞች ኃይል ተቋርጦባቸዋል፤ ሰርጎ ገቦቹ መጀመሪያ የገቡት ለቢሮ ሠራተኞች በተላከ ኢሜይል ነበር። አገልግሎቱን የመለሱት ሠራተኞች ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄደው መሣሪያውን በእጃቸው እየዘጉ እየከፈቱ ነው። አዲስ ሥርዓት ስታስገቢ በእጅ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ እንዳታጠፊው ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ሙያዬን አጣለሁ ላልሽው፣ እውነት ነው፤ ኮድ የመጻፍ ፍጥነትሽ ይቀንሳል። የማየት ችሎታሽ ግን አብሮሽ ይቆያል። የፕሮጀክቱን ቁልፍ ኮድ ለራስሽ ይዘሽ አትቅሪ፤ ስብሰባ ውስጥ በተቀመጥሽ ቁጥር ሰው ይጠብቅሻል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሌሎች ለዳታቤዙ የጻፉትን ጥያቄ (ኩዌሪ) እና የሠንጠረዥ አወቃቀር ማንበብ፣ የምትኬ መልሶ ማስነሣት ሙከራ ላይ አብሮ መቀመጥ ይበቃሻል። የምስክር ወረቀቱም ቢሆን አያስጨንቅሽ። ፒኤምፒ የሚባለው የፕሮጀክት አመራር ፈተና የአራት ዓመት ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ይህን ሥራ ካገኘሽ ልምዱ እዚያው ይሞላልሻል።

ለቃለ መጠይቁ ያለሽን ጊዜ በዚህ አውይው። ከስድስት ዓመትሽ ውስጥ አንድ የተበላሸ ሥራ ምረጪ፤ ምን እንደተበላሸ፣ ማን እንደተጎዳ፣ አንቺ ምን እንዳደረግሽ፣ ከዚያ በኋላ በአሠራር ላይ ምን እንደተለወጠ በአምስት ደቂቃ መናገር ተለማመጂ። የተሳካ ሥራ ሁሉም ተወዳዳሪ ይዞ ይመጣል። ከቃለ መጠይቁ በፊት ደግሞ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ አገልግሎት መስጫ ሄደሽ ለአንድ ሰዓት ተቀመጪ፤ ሰዎች ስለ ሒሳባቸው ምን እንደሚያማርሩ፣ ሠራተኛዋ መልስ ለመስጠት ስንት ገጽ እንደምትከፍት ተመልከቺ። ያየሽውን ሳትወቅሺ ንገሪያቸው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ፦ «ሌሊት ላይ ሰርቨር ቢወድቅ፣ ወደ ፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተር የሚደውለው ማን ነው?» ወዲያው የሰው ወይም የሥራ መደብ ስም ከጠሩልሽ ቤቱ ደህና ነው። እርስ በርሳቸው ከተያዩ ደግሞ፣ ሥራውን ስትጀምሪ የመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያ ሥራሽ ምን እንደሆነ አወቅሽ ማለት ነው። የሆነውን ጻፊልኝ።