የጂፒኤስ ከፍታ ከቤንችማርኩ ጋር ለምን አልገጠመም? ለፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን ጥያቄ መልስ

ሰላም ወንድሜ፣ ትናንት የጠየቅከውን አንብቤ በስልክ ቁጭ ብዬ የምመልሰው ስላልመሰለኝ ነው የዘገየሁት። ላላዩት ልጆች ባጭሩ፣ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የአነስተኛ መስኖ ቦይ ሰርቬይ እየሰራ ነው፣ በአርቲኬ ሮቨር (ቤዝ ከሚባለው ቋሚ ጂፒኤስ እርማት እየተቀበለ በሴንቲ ደረጃ የሚያነብ ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ) ቤንችማርክ (ከፍታው ተለክቶ የተጻፈለት ቋሚ ምልክት) ላይ ሲቆም የሚያነበው ከፍታ ወረቀት ላይ ካለው በሜትሮች ይለያል፣ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሁለተኛው ቤንችማርክ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከመጀመሪያው በ9 ሴንቲ ይቀየራል፣ አንዱን ነጥብ ጠዋት ይዞ ከሰዓት ሲደግመው ደግሞ 6 ሴንቲ ተንቀሳቅሷል፣ እና ማሽኑ ነው ወይስ ቤንችማርኩ ነው ይላል። ከስር አንድ ሁለት ሰው "ማሽኑን ካሊብሬሽን ላከው" ብሎታል። እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ገና ነው። እዚህ ያሉት ሶስት የተለያዩ ልዩነቶች ናቸው፣ ምክንያታቸውም አንድ አይደለም፣ አንድ ላይ ደባልቀህ ካየሃቸው መቼም አትፈታቸውም። ልዩነቱ ሁሌ ያው ነው? ቦታ ስትቀይር ነው የሚቀየረው? ወይስ ሰዓት ሲቀየር? መጀመሪያ እሱን ለይ።

ከሜትሮቹ እንነሳ፣ እሱ ቀላሉ ነው። ጂፒኤስ በባህሪው የሚሰጥህ ከኤሊፕሶይድ በላይ ያለውን ከፍታ ነው፣ ኤሊፕሶይድ ደግሞ መሬትን የሚወክል ለስላሳ የሂሳብ ቅርጽ ነው፣ ቤንችማርክህ ላይ የተጻፈው ግን ከባህር ወለል ማለትም ከጂኦይድ (ስበት ከሚሰራው የባህር ወለል ቅርጽ) በላይ ያለው ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት በኛ አገር ጥቂት ሜትር ነው፣ አለም ላይ ግን 100 ሜትር ገደማ የሚደርስበትም ቦታ አለ። ኮንትሮለርህ (ማሽኑን የምታዝበት ስክሪን) ውስጥ የጂኦይድ ሞዴል፣ ማለትም ይሄን ክፍተት በየቦታው የሚነግረው ፋይል፣ ገብቷል ወይ? ከገባስ የትኛው ነው? ኢጂኤም96 ነው ወይስ ኢጂኤም2008? ውሃ ኤሊፕሶይድ አያውቅም ወንድሜ፣ የሚፈሰው በስበት ነው፣ ስለዚህ ለመስኖ ስራ ጂኦይዱ የግድ ነው።

እዚህ ላይ በተለይ እኛ ጋ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ሰው ኮንትሮለሩን አዲንዳን (የድሮው የካርታ መነሻ ስርዓት) ላይ አድርጎ ነው የሚሰራው፣ ምክንያቱም የድሮ ካርታዎቻችንና በአባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ የተዘረጉት ነጥቦች አዲንዳን ናቸው፣ ኤሊፕሶይዱም ክላርክ 1880 ነው። ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ከደብሊውጂኤስ84 ወደ አዲንዳን በሶስቱ ፓራሜትር፣ ማለትም ለኢትዮጵያ በተለመዱት 165፣ 11 እና 206 ሜትር ስትቀይር፣ ከኤክስና ዋዩ ጋር ከፍታውም አብሮ ይቀየራል። ቁጥሩን ለጎጃም ብትሰራው ልዩነቱ 3 ሜትር ገደማ ይመጣል። አደጋው ደግሞ ማነሱ ነው፣ 50 ሜትር ቢሆን ወዲያው ትነቃ ነበር፣ 3 ሜትር ግን "ከባህር ወለል ጋር የቀረበ ከፍታ ነው" ብለህ እንድትቀበለው ያደርግሃል። እሱ ግን የክላርክ ኤሊፕሶይድ ከፍታ እንጂ ከባህር ወለል አይደለም። የጂኦይድ ሞዴሉም የተሰራው ለደብሊውጂኤስ84 ኤሊፕሶይድ ነው፣ ክላርክ ላይ ከጫንከው ሁለት ጊዜ ተሳሳትክ ማለት ነው።

ሌላው የሜትር ምንጭ ቤዝህን እንዴት አስነሳኸው የሚለው ነው። ቤዙ የታወቀ ነጥብ ላይ ሳይቆም በራሱ ካነበበው ፖዚሽን ከተነሳ (ብዙ ሶፍትዌር ላይ አንድ በተን ነው የሚነካው) ከፍታው ራሱ በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፣ ሮቨሩም ያንን ስህተት ሳይቀንስ ሳይጨምር ይወርሰዋል። ስክሪኑ ላይ ፊክስድ (የሞገዱን ሙሉ ቁጥር አገኘሁ ማለቱ ነው) ብሎ 1 ሴንቲ ቢያሳይህም የ1 ሴንቲው ዋጋ ከቤዙ አንጻር ነው። ቤዙን በየቀኑ እንደዚህ የምታስነሳው ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በየቀኑ ሌላ ቁጥር ይሆናል፣ በዚህ ትለየዋለህ።

አሁን ወደ ጠዋትና ከሰዓቱ 6 ሴንቲ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ በሳተላይት ከፍታ ሁልጊዜ ከኤክስና ዋዩ የባሰ ነው፣ ከአንድ ተኩል እስከ ሶስት እጥፍ። ምክንያቱም ለአግድሙ ሳተላይት በሰሜንም በደቡብም በምስራቅም በምዕራብም ስላለ ስህተቱ ይጣፋል፣ ወደ ታች ግን መሬት ስለሚጋርደው ከስርህ ሳተላይት የለም፣ ሁሉም ከላይ ነው የሚጎትቱህ። የሰዓትና የአየር ስህተት ሁሉ ተሰብስቦ ከፍታው ላይ ነው የሚያርፈው። ፋብሪካዎቹም ስፔኩ ላይ ለአግድም 8 ሚሊ ሲደመር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ፣ ለከፍታ 15 ሚሊ ሲደመር 1 ሚሊ ብለው ነው የሚጽፉት፣ እሱም በጥሩ ሁኔታ ነው።

እና እኛ ጥሩ ሁኔታ ላይ አይደለንም። የመሬት ማግኔቲክ ኢኳተር በአገራችን በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጎጃም ደግሞ ብዙም አትርቅም። በዚህ ቀበቶ ላይ አዮኖስፌሩ (ሲግናሉ የሚያልፍበት ኤሌክትሮን ያለበት የላይኛው አየር) አመጸኛ ነው፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይበጣጠስና ሲግናሉ ይንቀጠቀጣል፣ በተለይ መጋቢትና መስከረም አካባቢ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባለው የጂኦስፔስና ራዳር ላቦራቶሪ የተቋቋመውም ለዚህ አይነት ጥናት ነው፣ ቦታው ተመራማሪን የሚስብ ቦታ ነው። ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ማሽን የአዮኖስፌሩን ዋና ክፍል ያጠፋዋል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን አርቲኬ በፍጥነት ፊክስ ለማድረግ ቤዝና ሮቨር ያው አየር እያዩ ነው ብሎ ስለሚነሳ ርቀቱ ሲጨምር ያ ግምት ይፈርሳል። የፀሐይ የ11 አመት ዑደትም አለ፣ ፀሐይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ መድረሷን ናሳ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ ከዛ ወዲህ ከሰዓት ፊክስ ለማግኘት ለምን እንደምንቸገር ከዚህ ጋር አያይዘህ እየው። ሌላ አገር የተጻፈ ማኑዋል ላይ ከቤዝ እስከ 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰራል ቢልህ እኛ ጋ ለከፍታ ስራ ከ5 እና 6 ኪሎ ሜትር በላይ ባትወጣ ነው የምመክርህ፣ ሰዓቱም ከጠዋቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ቢሆን።

አንዳንዴ ደግሞ ፊክስድ ይልና ውሸት ፊክስ ይሆናል። የኤል1 (የጂፒኤስ ዋናው ሲግናል) ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ነው፣ የሞገዱን ቁጥር በአንድ ቢስት ከፍታው በዴሲ ሜትር ደረጃ ይዘላል፣ ስክሪኑ ግን አይነግርህም። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ነጥቡን ይዘህ ስትጨርስ ሳተላይቱን ጣለውና እንደገና ፊክስ አስደርገህ ያዘው፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሶስተኛ ያዝ። ለቤንችማርክና ለመዞሪያ ነጥብ ደግሞ በሌላ ሰዓት ተመልሰህ ድገም። በነገው ቀን በዛው ሰዓት መድገም ግን ብዙ አያጣራልህም፣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ እየቀደሙ በዛው መንገድ ስለሚመለሱ ከቆርቆሮ ጣራና ከግድግዳ የሚነጥር ሲግናል ካለ ያው ስህተት ያው ሆኖ ይመጣል፣ አንተም "ሁለት ቀን ገጠመ" ብለህ ትጽናናለህ። ቢያንስ 2 እና 3 ሰዓት አዛንፈው። ባህር ዛፍ ስር ያለ ቤንችማርክ ከሆነማ በጂፒኤስ አትድከም፣ ከሜዳው ላይ ነጥብ ይዘህ በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካው መነጽር) ውሰደው።

ትሮፖስፌሩን፣ ማለትም ለመሬት የቀረበውን የታችኛውን አየር፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከፍታን ግን በጣም የሚጎዳው እሱ ነው። ባህር ወለል ላይ ያለ ሰው ቀጥታ ከላይ የሚመጣው ሲግናል በአየሩ ምክንያት 2.3 ሜትር ገደማ ይዘገይበታል፣ ወደ ደጋ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ይቀንሳል። ቤዝና ሮቨር እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ይጣፋል፣ ካልሆኑ ሶፍትዌሩ በሞዴል ነው የሚገምተው። ደጀን ላይ ቤዝ ተክለህ አባይ ድልድይ ወርደህ ስትሰራ አስበው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ላይ ብርድ ታች ወላፈን፣ እርጥበቱም ሌላ። በሁለቱ መሀል 1 ሴንቲ ያልታረመ የአየር ልዩነት ቢቀር ከፍታው ላይ 3 ሴንቲ ገደማ ሆኖ ነው የሚወጣው። እዛ በረሃ ውስጥ የገደሉ ግድግዳ ዝቅ ያሉትን ሳተላይቶች ይጋርድብሃል፣ ከአናትህ በላይ ያሉት ብቻ ይቀሩና ሶፍትዌሩ አየሩን ከከፍታው መለየት ያቅተዋል። ጮቄ ላይ ለሚሰራም ያው ነው፣ ቤዙ ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሮቨሩ 4,000 ሜትር ላይ ከሆነ አርቲኬ ሳይሆን ረጅም ስታቲክ (ማሽኑን አንድ ነጥብ ላይ ለረጅም ጊዜ አቁሞ መያዝ) ነው የሚያዋጣው። አንተ ያለህበት ግን ሜዳው ደህና ስለሆነ ያንተን 6 ሴንቲ ከዚህ ይልቅ ለከሰዓቱ አዮኖስፌር ነው የምሰጠው።

የ9 ሴንቲው ነገር ነው በጣም የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ቦታ ሲቀየር የመጣ ነው። አንዱ ምክንያት ጂኦይዱ ራሱ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ተራራና ገደል ባለበት ያዘነብላል፣ ኢጂኤም2008 ደግሞ የኛን ተራራ የሚያውቀው ባለው ጥቂት የስበት መረጃ ልክ ነው፣ አውሮፓ ላይ የሚሰጠውን ትክክለኛነት እዚህ አትጠብቅ። ሁለተኛው ምክንያት ሁለቱ ቤንችማርኮች ከአንድ ምንጭ ላይሆኑ ይችላሉ፣ አንዱ በመንገድ ፕሮጀክት ሌላው በሌላ ስራ የተተከለ ከሆነ መነሻቸው ምን እንደሆነ ጠይቅ። ሶስተኛው ዋልካው ነው። ዋልካ አፈር ላይ ያለ ጥልቀት የተተከለ የሲሚንቶ ምልክት ክረምት አፈሩ ሲያብጥ ይነሳል በጋ ሲሰነጠቅ ይወርዳል፣ ሴንቲዎችን በዚህ ብቻ ታገኛለህ። የሮቨር ፖልም በነሐሴ ጭቃ ላይ ሾሉ ይሰምጣል፣ ስሩ ጠፍጣፋ ነገር አድርግለት።

ይሄን የሚለየው ሌቭል ብቻ ነው። በሁለቱ ቤንችማርኮች መሀል ሌቭል ሄደህ ተመለስ፣ ለ6 ኪሎ ሜትር በተለመደው 12 ሚሊ በኪሎ ሜትሩ ስኩዌር ሩት ሂሳብ መዝጊያህ (ሄደህ ስትመለስ የሚቀረው ልዩነት) 29 ሚሊ ውስጥ መግባት አለበት። ሌቭሉ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ቤንችማርኮቹ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ጂኦይዱ ወይ ጂፒኤሱ ነው፣ ካልገጠመ ከአንዱ ብቻ ተነስና ለባለቤቱ በጽሁፍ አሳውቅ። ሳይት ካሊብሬሽን (የጂፒኤሱን ከፍታ ከአካባቢው ቤንችማርኮች ጋር ማስገጠም) ብቻ ሰርቼ ላልፍ ካልክ በሁለት ነጥብ ያዘነበለ ወለል አይሰራም፣ ቢያንስ 3፣ ቢቻል 4 እና 5 ሆነው ስራውን ከብበውት፣ አንዱን ሳታስገባ ለማጣሪያ አስቀረው። ከነጥቦቹ ውጪ ቦዩ ከቀጠለ እዛ ያለውን ከፍታ አትመነው።

አንቴናውንም ሳታይ አትለፍ። ትራይፖድ ላይ ሜትሩን ዘርግተህ ከነጥቡ እስከ አንቴናው ጠርዝ ምልክት ድረስ በሰያፍ ነው የምትለካው፣ ኮንትሮለሩ ደግሞ ሰያፍ ነው፣ ቀጥታ እስከ አንቴናው ስር ነው ወይስ እስከ ፌዝ ሴንተር (አንቴናው ሲግናሉን የሚለካበት ነጥብ) ነው ብሎ ይጠይቅሃል። ሰያፉን ቀጥታ ነው ብትለው የሚጠፋው ከጥቂት ሚሊ እስከ 1 ሴንቲ ነው፣ ግን ፌዝ ሴንተሩ ከአንቴናው ስር ብዙ ጊዜ ከ5 ሴንቲ በላይ ከፍ ስለሚል እሱን ካምታታህ ወይም የሌላ አንቴና ሞዴል ከመረጥክ ልዩነቱ እዛው ነው። ይሄኛው ስህተት ሰዓትም ቦታም አይቀይረውም፣ ቀኑን ሙሉ ያው ነው።

የቦይህ ስሎፕ 1 ለ2,000 ከሆነ በ100 ሜትር 5 ሴንቲ ብቻ ነው የሚወርደው፣ አርቲኬ 3 ሴንቲ ቢስት ውሃው ወደ ኋላ ሊያስብ ነው፣ ገበሬው ደግሞ ማሳው ደርቆ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ለቦዩ መሀል መስመር ሌቭል ተጠቀም፣ ጂፒኤሱን ለዙሪያው ቶፖ (የመሬቱ ገጽታ ካርታ) አድርገው። ጎግል ኧርዝና ኤስአርቲኤም ላይ ያለውን ከፍታ ከቤንችማርክ ጋር የምታወዳድሩ ልጆችም እባካችሁ ተዉ፣ ኤስአርቲኤም እ.ኤ.አ. በ2000 በመንኮራኩር ራዳር የተሰራ ነው፣ ሜትሮችን ይስታል፣ ባህር ዛፍ ባለበት ደግሞ የዛፉንም ቁመት ይቀላቅላል።

ቤዙን በተመለከተ ከቻልክ የታወቀ ነጥብ ከሌለህ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ስታቲክ ይዘህ ፋይሉን ለአውስትራሊያው አውስፖስ ወይም ለካናዳው ፒፒፒ በኢንተርኔት ላከው፣ የነጥቡን ቦታ አስልተው ይመልሱልሃል፣ ነጻ ነው፣ የአንቴናውን ስምና ቁመት በትክክል መሙላት ብቻ አትርሳ። የሚመልሱልህን የኤሊፕሶይድ ከፍታ ከጂኦይዱ ከፍታ ለይተህ ያዝ። እስከዛ ግን የአንቴናህን ሞዴል፣ ኮንትሮለሩ ላይ የመረጥከውን ኮኦርዲኔት ሲስተምና የጂኦይድ ፋይል፣ ቤዙ ከሁለቱ ቤንችማርኮች ያለውን ርቀት እዚህ ለጥፍልን፣ ሁለቱ ቤንችማርኮች በማን እንደተተከሉም ካወቅክ ጨምረው።