ቦርከና ሞላ ወይስ ጎረፈ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከከሚሴ ነው የምጽፍልዎ። ክረምት ላይ ቦርከና ወጥቶ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲተኛ እኛ «ወንዙ ሞላ» ነው የምንለው። ዜናው ግን ሁሌ «ድንገተኛ ደራሽ ጎርፍ» ይላል። ማነው ልክ? ደግሞስ የልጄ መጽሐፍ ላይ ያለው «የጎርፍ ሜዳ» ጨፋን ነው?

መልስ፦ እናንተ ናችሁ ልክ።

ጎርፍ ወንዝ አያስፈልገውም። ዝናቡ እንደጣለ ከዳገቱም ከመንገዱም ተጠራቅሞ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ ነው። ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱን ጭቃ የሚያለብሰው እሱ ነው። ደራሽ ደግሞ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ከች ሲል ነው። ሳይታሰብ መድረሱ ስሙ ውስጥ ስላለ «ድንገተኛ ደራሽ» ማለት «ወደ ላይ ወጣ» እንደማለት ነው፤ ዜና አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ቢተዉት ደስ ይለኛል።

ሙላት ሌላ ነው። ወንዙ ራሱ ቀስ እያለ ከፍ ይልና ከዳሩ ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ይተኛል። «ይተኛል» ያልከው ቃል ደስ ብሎኛል፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ጎርፍ ሲሮጥ አፈር ይዞ ይሄዳል፤ የተኛ ውሃ ግን የተሸከመውን ያስቀምጣል። ከባዱን መጀመሪያ ይጥላል። መስከረም ላይ ከወንዙ ዳር ተነስተህ ወደ ሜዳው ብትሄድ ጫማህ ሥር መጀመሪያ አሸዋ ነው፣ ዳሩም ትንሽ ከፍ ይላል። ራቅ ስትል እግር የሚይዝ ጭቃ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ። ደለል የምንለው ይኼ ነው፤ ከብቱ በበጋ የሚወርድለት ሣር የሚበቅለውም በሱ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ «ወንዙ መሬቴን በላው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልብ በል፣ «ውሃ በላው» ለሰው ሲሆን ሰጠመ ማለት ነው፣ ለመሬት ሲሆን ግን ተናደ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይጠማዘዛል። በመታጠፊያው ውጪ በኩል ውሃው ስለሚፈጥን ዳሩን ከሥር ይቦረቡራል፣ በውስጥ በኩል ስለሚዘገይ አሸዋ ይከምራል። እንዲህ አንዱን ዳር እየበላ ሌላውን እየሠራ፣ ዓመት በዓመት ሜዳው ላይ ይንፏቀቃል። ጥምዝምዙ ሲበዛ አንድ ክረምት ላይ አንገቱን ቆርጦ በአቋራጭ ያልፍና አሮጌው መንገድ ማጭድ የመሰለ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ወዲህ የነበረ ማሳ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያድራል! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ቦርከና የአዋሽ ገባር መሆኑን ታውቃለህ። «ገባር» ያው ድሮ ለባላባት ግብር ይከፍል የነበረው ገበሬ ነው፣ ወንዙም ውሃውንና አፈሩን ይገብራል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፣ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ የወሎ አፈር እዚያው ሰፈር ነው የሚቀረው።

ስለ «የጎርፍ ሜዳ»፦ አዎ፣ ጨፋን የመሰለውን ሜዳ ነው። ልጅህ ፈተና ላይ እንዳለ ይጻፈው፣ ማርክ አታስቆርጠው። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሜዳውን የሠራው ጎርፍ ሳይሆን ሙላት ስለሆነ «የሙላት ሜዳ» እል ነበር።