ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች

ጥያቄ፦ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ዳኞች እንዴት ይሽሩታል? ይህ ሕዝብን መናቅ አይደለም?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ እኔንም በተማሪነቴ እንቅልፍ ነስቶኛል። ያረጋጋኝ የአንዲት የሹመት ደብዳቤ ታሪክ ነው። ዊሊያም ማርበሪ የተባለ አሜሪካዊ ለዳኝነት ተሾመ፤ ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ነገር ግን እጁ ሳይገባ መንግሥት ተለወጠ። አዲሶቹ ሹማምንት አንሰጥም አሉ። ሰውየው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1803 ደብዳቤው ይገባዋል፣ እኔ ግን ላሰጠው አልችልም ሲል ወሰነ፤ ይህን ሥልጣን የሰጠው የኮንግረስ (የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫልና። ልብ ይበሉ፤ ዳኞቹ የሻሩት ለራሳቸው ሥልጣን የጨመረላቸውን ሕግ ነው!

ቤቴን አከራይልኝ ብለው የወከሉት ሰው ቤቱን ቢሸጠው ሽያጩን ይቀበላሉ? ምክር ቤትም እንዲሁ ወኪል ነው፤ ውክልናው የተጻፈው በሕገ መንግሥቱ ላይ ነው። ዳኛው ሰነዱን ገልጦ ወሰኑን ያነባል እንጂ ከመራጩ በላይ አልተቀመጠም። (ሰነዱን የሚያነበው ዳኛ ቢሳሳትስ ካሉኝ፣ ይሳሳታል፤ ለዚያም ሕገ መንግሥት የሚሻሻልበት መንገድ አለ።)

ዳኞች ሕግ የሚሽሩበት ይህ አሠራር ግን በሁሉም አገር የለም። በብሪታንያ ሕገ መንግሥቱ በአንድ ሰነድ አልተጠቃለለም፤ ፍርድ ቤቶችም የፓርላማን ዐዋጅ አይሽሩም። የ1949ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥት በተቃራኒው ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ማሻሻያ በየትኛውም የድምፅ ብልጫ እንዳይደረግ ከልክሏል።