አሮጌ ላፕቶፕ፣ አዲስ ቨርዥን

አቦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም አናዶኛል። የሙዚቃ ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን ባወጣ ቁጥር ጠንካራ ኮምፒዩተር መጠየቁ ልክ ነው ወይ ነው ያልከው። 4 ጂቢ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ባለው ላፕቶፕ እንደምትሠራም ጽፈሃል። አንዳንዱ ልክ ነው። አብዛኛው ግን አንተን አይመለከትም።

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው ክፍሌ የሰርግ ዘፈን እየሠራሁ ነበር። 22 ትራክ፣ ማለትም ለየብቻው የተቀመጠ 22 የድምፅ መስመር። መሀል ላይ «አፕዴት» የሚል ብቅ አለ፣ እኔ ሞኙም ተጫንኩት። በማግስቱ ድምፃዊው መጥቶ ማዳመጫውን አደረገ። አንድ መስመር ዘፍኖ አወለቀው። «ድምፄ ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ» አለ። ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ አጠራቅሞ የሚሠራውን የድምፅ ናሙና ብዛት፣ ከ1,024 ወደ 128 ሳወርደው ደግሞ ክራሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ይንጣጣ ጀመር። ወደ ድሮው ቨርዥን ልመለስ ስል ፕሮጀክቱ አልከፈት አለ፤ በአዲሱ ሴቭ አድርጌዋለሁ!

ነገሩ ሒሳብ ነው። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ስትቀዳ፣ የ1,024 ባፈር 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያዘገያል። ያውም በአንድ በኩል ብቻ፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር ዘፋኙን ያወላግደዋል። 128 ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ያወርደዋል። ግን ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ሠርቶ ካላስረከበ ድምፁ ይቆራረጣል።

በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ፕሮሰሰር ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፕሮግራሙ የሚጠይቀውን የሚዘረዝሩት ሰዎች ግንቦት ላይ እዚህ ተቀምጠው አይሠሩም መቼም። ከቀኑ 8 ሰዓት እምቢ ያለኝ ፕሮጀክት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሰላም ነው። አቧራውን አስጠርጌ፣ በአራቱ ማዕዘን ስር አራት የለስላሳ ቆርኪ አድርጌ አየር እንዲያገኝ ሳደርገው በጣም ተሻለው። ክራሩንና ከበሮውን ፍሪዝ አደረግኩ (ፕሮሰሰሩ እንዳይደክም ያለቀለት ድምፅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው)፣ ድምፃዊውን ማታ ጠራሁት፣ ተቀዳ።

ልክ የሆነውን ደግሞ አልክድም። ኩቤዝ የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም በፈረንጆች 2016 ዘጠነኛውን ቨርዥን ሲያወጣ 32 ቢት የሚባለውን የድሮ አሠራር ትቶ 64 ቢት ብቻ ሆነ፣ ሌላው ፕሮግራም ኤብልተን ላይቭም በ2018 በአሥረኛው ተከተለ። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ከ4 ጂቢ በላይ ሜሞሪ መያዝ አይችልም። ኖታ በኖታ የተቀዳ የመሣሪያ ላይብረሪ ለሚጭን ሰው 4 ጂቢ ቁርስ ናት። ጠንካራ ኮምፒዩተር የሚጠየቀው የፕሮግራሙን መስኮት ለማሳመር ሲሆን ግን ያናድዳል። ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን ፕሮግራም አንዴ ከገዛኸው አፕዴቱ ዕድሜ ልክ ነፃ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ከኪስህ ነው።

አንተ ዘፈን ሳትጨርስ አፕዴት አታድርግ። የድሮውን መጫኛ ፍላሽ ላይ አኑረው። ስትቀዳ ባፈር ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርግ (የተቀዳውን ስታመጣጥን) ከፍ። ብር ካገኘህ ላፕቶፕ ለመቀየር አትሩጥ፤ መጀመሪያ ራሙን 8 አድርገው፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ቀይረው። ድሬ ታይዋን ገበያ ስትገዛ እዚያው አስገጥመህ፣ ሲነሳ አይተህ ክፈል። ካልሆነ ሪፐር የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ሞክር፣ ለኮምፒዩተሩ ቀላል ነው።

የላፕቶፕህን ሞዴል እዚህ ጻፍልኝና ራም የሚጨመርለት መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።