ዲለሩ ተዘግቶ ታይትል ላልመጣላት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው። ዳላስ አካባቢ ካለ ያገለገለ መኪና ሻጭ (ዲለር) ራቭ ፎር ገዛሽ። ኮሮላሽን ከነቀሪ ዕዳዋ ትሬድ ኢን አደረግሽ፣ ማለትም ለራቭ ፎሩ ዋጋ ማካካሻ ለዲለሩ ሰጠሽ። ዲለሩም የኮሮላዋን ዕዳ እዘጋለሁ ብሎ ውሉ ላይ ጻፈ። አሁን ታይትሉም (የባለቤትነት ወረቀቱ) የመስታወት ስቲከሩም (የምዝገባው ምልክት) አልመጣም። የኮሮላዋ ባንክ "ክፈዪ" እያለ ይደውላል። ስትሄጂ ደግሞ ግቢው ባዶ ሆኖ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሽ። "መኪናውን ይወስዱብኝ ይሆን? ለማን ነው የምከፍለው?" ነው ጥያቄሽ። አንዳንድ ሰው "ዲለሩ ከሞተ ዕዳውም ሞቷል፣ መክፈል አቁሚ" ብሎ መክሮሻል። በረጅሙ ልጽፍ የተነሳሁት ይሄን ምክር ስላየሁ ነው። እባክሽ አትስሚው።

የራቭ ፎሩን ገንዘብ ያበደረሽ ዲለሩ አይደለም። ዲለሩ ውሉን ለአበዳሪው አስተላልፎ ገንዘቡን ተቀብሏል። ዕዳሽ አበዳሪው ጋ ነው ያለው፤ የዲለሩ መዘጋት አይነካውም። መክፈል ካቆምሽ ቴክሳስ ውስጥ አበዳሪው ፍርድ ቤት እንኳ ሳይሄድ፣ ጠብ እስካላስነሳ ድረስ፣ መኪናውን ከበርሽ አስጎትቶ ሊወስድ ይችላል። ያኔ "ይወስዱብኝ ይሆን" ያልሽው ነገር በራስሽ እጅ መጣ ማለት ነው። የኮሮላዋም ጉዳይ ያው ነው። ያንን ሎን የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ ባንኩ ዲለሩን አያውቀውም። 30 ቀን ካለፈው ክሬዲት ሪፖርትሽ ላይ ይገባል።

ለሁለት መኪና መክፈል እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። አንደኛዋን እኮ አይንሽ እንኳ አያያትም። ግን የኮሮላዋ ባንክ ጋ ሳትዘገዪ ደውይ። ዲለሩ እንደተዘጋ ንገሪያቸውና አንድ ሁለት ወር ወደ መጨረሻ እንዲያሸጋግሩልሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ያደርጉታል። እሺ ካሉሽ በጽሑፍ ይላኩልሽ፤ የስልክ እሺታ ላይ አትደገፊ።

እኔ ጋርላንድ ነው የምኖረው። ይሄ ነገር የደረሰብኝ ገና የወረቀት ታርጋ በነበረበት ጊዜ ነው። ያ ወረቀት የሚያገለግለው 60 ቀን ነበር፤ ሲያልቅ ፖሊስ ያስቆምሻል፣ ስለዚህ ችግሩ ቶሎ ነበር የሚታወቀው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ዲለር የብረት ታርጋ ሲሸጥልሽ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ሰው ታርጋውን አይቶ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ታርጋው መኪናው ላይ ተሰቅሎ ታይትሉ ግን ጭራሽ ያልተጀመረ ሊሆን ይችላል። ያንቺም የሆነው ይሄው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትሽ ልምጣ። ዲለሮች ግቢያቸው ውስጥ የሚያቆሟቸውን መኪኖች በአብዛኛው በራሳቸው ገንዘብ አይደለም የሚገዙት። ለእያንዳንዱ መኪና የሚያበድራቸው ኩባንያ አለ፣ ፍሎር ፕላን ይሉታል። መኪናው ሲሸጥ ዲለሩ ያንን ዕዳ ወዲያው መክፈል አለበት። የሚወድቅ ዲለር መጀመሪያ የሚያደርገው ይሄንን ማዘግየት ነው። የዛሬውን ሽያጭ ለትናንቱ ቀዳዳ መድፈኛ ያውለዋል፣ የትሬድ ኢን ዕዳም በዚያው ሳይከፈል ይቀራል። አንድ ቀን አበዳሪው ዝርዝሩን ይዞ መጥቶ ይቆጥርና ያለውን መኪና ጭኖ ይሄዳል። ባዶ ግቢ ያየሽው በዚህ መሆኑ አይቀርም።

እነዚህ ሰዎች ላንቺም ሊደውሉ ይችላሉ። ለእኔ ደውለውልኛል። "መኪናው የኛ ንብረት ነው" ብለው ነበር የጀመሩት። እንዲህ ሲሉሽ አትደንግጪ፣ ቁልፍም አትስጪ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ በመደበኛው ንግዱ፣ በቅን ልቦና የገዛ ሰው በቴክሳስ የንግድ ሕግ መሠረት ከዚያ ዕዳ ነፃ ሆኖ ነው የሚገዛው። ዲለሩ ገንዘቡን ካልመለሰላቸው ጠባቸው ከሱ ጋር ነው። እኔ "ያላችሁን ጥያቄ በጽሑፍ ላኩልኝ፣ የውሌን ኮፒ እልክላችኋለሁ" አልኳቸው። ውሉን ከላክሁላቸው በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

ስለዚህ ጉልበትሽን ሁሉ ታይትሉ ላይ አድርጊው። ከዲለሩ ባለቤት ጀርባ መሮጥ፣ በየፌስቡኩ ፎቶውን መለጠፍ ልብ ያሳርፍ እንደሆነ እንጂ መኪናውን ባንቺ ስም አያደርገውም። አገር ቤት ሊብሬ ሳይዞር "መኪና ገዛሁ" እንደማንለው ሁሉ እዚህም ያው ነው።

የቴክሳስ ሕግ ልክ ላንቺ ዓይነቱ ሰው የተጻፈ ቦታ አለው። የትራንስፖርቴሽን ኮድ ቁጥር 501.0236 ይባላል። ዲለሩ ታይትል ማውጣት እያለበት ከንግድ ከወጣ፣ ገዢው ራሱ ማመልከት ይችላል ይላል። የታይትል ማመልከቻ ክፍያውም ይነሳልሻል። መጀመሪያ ለቴክሳስ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ) ደውለሽ የዲለሩን ስምና የፈቃድ ቁጥር ስጪና መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ። ከዚያ 130-ዩ የሚባለውን የታይትል ማመልከቻ ሞልተሽ፣ ደብዳቤውን፣ የግዢ ውሉን፣ ኢንሹራንስሽንና መታወቂያሽን ይዘሽ የካውንቲው ታክስ ኦፊስ ትሄጃለሽ። ውሉ ላይ 6.25 በመቶው የሽያጭ ታክስ ለዲለሩ መከፈሉ የሚታይበትን ገጽ አትርሺ። ድጋሚ ክፈዪ ካሉሽ የምትከራከሪው በሱ ነው።

እኔን ያጓተተኝ አንድ ነገር ነው። ታክስ ኦፊሱ መስኮት ላይ የነበረችው ሴትዮ ቪኑን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ኮምፒውተሯ ውስጥ ስታስገባ፣ መኪናው ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የተበደረበት ባንክ ዕዳ እንደተመዘገበ ወጣ። ባንኩ ደግሞ ሌላ ስቴት ነው። ታሪኬን ልነግራት ስጀምር በትህትና አቋረጠችኝና "የሚያስፈልገኝ ከባንኩ አንድ ወረቀት ነው፣ ዕዳው ተከፍሏል የሚል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሕጉም የተመዘገበ ዕዳ ካለ መልቀቂያው ይምጣ ይላል፣ መኪናውን በዕዳ የያዘው ራሱ ዲለሩ ካልሆነ በቀር። ባንኩ ጋ ስደውል ደንበኛችን አይደለህም ብለው ስልኩን ሊዘጉብኝ ደረሱ። በመጨረሻ ቪኑንና የግዢ ውሌን አያይዤ በደብዳቤ ስጠይቅ ነው መልቀቂያውን የላኩልኝ። ስለዚህ አንቺ ታክስ ኦፊስ ከመሄድሽ በፊት የመኪናው ታይትል ላይ የማን ስም እንዳለ በስልክ ለማጣራት ሞክሪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ ከአንቺ እኩል ታይትሉን የሚፈልገው የራቭ ፎሩ አበዳሪ ነው። ታይትሉ ካልወጣ የሱ መያዣም አልተመዘገበም ማለት ነው፣ ገንዘቡ ያለ ዋስትና ሜዳ ላይ ነው ያለው። ስትደውዪላቸው ለክፍያ የሚያነሳውን ሰው ሳይሆን የታይትል ክፍሉን ጠይቂ። "ዲለሩ ተዘግቷል፣ ታይትል አልወጣም" በያቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ራሳቸው የሚደውሉባቸው ሰዎች አሏቸው። ለእኔ ግማሹን ሥራ የሠሩልኝ እነሱ ናቸው።

ስለ ኮሮላዋ ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ፣ ያለችበትን የምታውቂ ከሆነ ለባንኳ ንገሪ፤ ሄደው ሊያነሷት ይችላሉ። ቀጥሎ ቪቲአር-346 የሚባለውን፣ መኪናው ከእጄ ወጥቷል የሚል ማስታወቂያ ዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ ሙዪ። በነፃ ነው። የኔን አሮጌ መኪና ማን እንደገዛው እንጃ፣ ቶልዌይ (የክፍያ መንገድ) ላይ ሲመላለስበት የክፍያ ደረሰኙ በስሜ ይመጣ ነበር። ከሞላሁት በኋላ ያንን ወረቀት እያሳየሁ ነው ያስሰረዝኩት።

አሁን ገንዘብሽን ስለማስመለስ። ቴክሳስ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር የዋስትና ቦንድ ማስያዝ አለበት። በእኔ ጊዜ 25,000 ዶላር ነበር፣ ከ2021 ጀምሮ 50,000 ሆኗል። ግን ዝም ብሎ ተጠይቆ የሚወሰድ ገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ ዲለሩን ከስሰሽ ፍርድ ማግኘት አለብሽ። እስከ 20,000 ዶላር ያለ ጉዳይ በጀስቲስ ኮርት (የትንንሽ ጉዳዮች ፍርድ ቤት) ይታያል፣ ያለ ጠበቃም መቆም ይቻላል። ደግሞ ያ 50,000 ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለተጎዱት ሁሉ ነው። አንድ ዲለር ስንት ሰው አታሎ እንደሚዘጋ አስቢው። ስለዚህ አትዘግዪ።

ሁለተኛው መንገድ ውልሽ ውስጥ ነው። "ኖቲስ" ብሎ በትልልቅ ፊደል የሚጀምር አንቀጽ ፈልጊ። ከ1976 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ደንብ፣ ዲለሩ ያመቻቸልሽን ሎን የያዘ አበዳሪ፣ ዲለሩ ላይ ያለሽን ቅሬታ ራሱም ይሸከማል። ማስመለስ የምትችዪው እስከ ከፈልሽው መጠን ነው። ሎኑን ራስሽ ቀድመሽ ከክሬዲት ዩኒየን ይዘሽ ሄደሽ ከሆነ ግን ይሄ አንቀጽ ላይኖር ይችላል። ይሄንን ግን በራስሽ አትሞክሪው፣ ጠበቃ ያየው። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ሊጋል ኤይድ ኦፍ ኖርዝ ዌስት ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ በነፃ ይረዳል።

ዲለሩ በሩን ብቻ ዘግቶ ነው ወይስ ኪሳራ አስመዝግቧል? ይሄን የፌዴራሉ የኪሳራ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ደውለሽ አጣሪ። ከተመዘገበ ክስ መጀመር አይቻልም፣ ሁሉም ነገር ይታገዳል። የሚቀረው ፎርም 410 የሚባለውን የገንዘብ ጥያቄ መሙላት ነው፤ ማስገቢያው ነፃ ነው። ሴፕቴምበር 2025 ላይ እዚሁ ኧርቪንግ ያለው ትራይከለር የሚባለው ትልቅ ያገለገለ መኪና ሻጭ ድርጅት ምዕራፍ 7 ሲገባ ከ25,000 በላይ ገንዘብ ጠያቂ ነበር የተመዘገበው። ምዕራፍ 7 ማለት ድርጅቱ ሊያገግም አይደለም፣ ንብረቱ ተሸጦ ሊከፋፈል ነው። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ተራ ገዢ ከኋላ ነው የሚቆመው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ቅድሚያ ከፍሎ መኪናው ገና ያልተሰጠው ሰው ካለ ግን ትንሽ ይሻለዋል። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ለገባ ኪሳራ፣ ከዚያ ክፍያ እስከ 3,800 ዶላር ድረስ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አንቺ መኪናውን ስለተረከብሽ ይሄ አይመለከትሽም።

በዚህ መሃል "ሎንሽን እኛ ገዝተነዋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ለኛ ክፈዪ" የሚል ደብዳቤ ወይም ስልክ ከመጣ፣ ለቀድሞው አበዳሪ በምታውቂው ቁጥር ደውለሽ ሳታረጋግጪ አንድ ሳንቲም አትላኪ። ዲለር ሲዘጋ የደንበኛ ስምና ስልክ በየሜዳው ይበተናል፣ አጭበርባሪ ደግሞ ይሄን ያውቃል።

ዋራንቲና ጋፕ (መኪናው ቢወድም ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን ቀሪ ዕዳ የሚከፍል ውል) ገዝተሽ ከሆነ ዲለሩ ሻጭ ብቻ ነው፣ ኃላፊው ኩባንያ ውሉ ግርጌ ላይ ተጽፏል። ደውለሽ ክፍያው ደርሷቸው እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አልደረሰም። ካልደረሳቸው የከፈልሽበትን ውል ላኪላቸውና መልሳቸውን በጽሑፍ ያዢ።

ዳውን ፔይመንቱን ከቁብ አውጥተሽ እንደከፈልሽ ስላነበብኩ ልቤ ተነክቷል። ያንን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ሌሊት እንደሚነዳ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ዲኤምቪ፣ ከዚያ ሁለቱ አበዳሪዎች ጋ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ደውይ። ያናገርሽውን ሰው ስምና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። ቪን ቁጥርሽንና ውልሽን እዚህ ሁሉም በሚያየው ቦታ አትለጥፊ። ለባንኩ የጻፍኩት ደብዳቤ አሁንም አለኝ፣ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ ስምና ቁጥሩን ብቻ ቀይሪው።